ከበግ ገንዳ የፈለቀ ጠበል

ስለዚያ ምንጭ ማውራት ስጀምር ድምፄ ከፍ ይላል። ባለቤቴ «ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» ይለኛል። ይስማ! አገሬን የበግ እጣቢ ያጠጧት ቀስ ብለው የሚያወሩ፣ በስብሰባ ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ወገኖቼ» እያሉ የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ቀስ አልልም።

አገሬ ስል ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥለው፣ ገደል ገደሉን ሄደው የሚያገኟትን ትንሽ መንደር ማለቴ ነው። ስሟን አልጠራም፤ የደረሰባት ይበቃታል። ገብስና ባቄላ ይዘራባታል፣ በግ ይረባባታል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ያን ጊዜ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቼ አስተምር ነበር። በየበዓሉና በተመቸኝ ቅዳሜ ሁሉ እናቴን ለማየት እወርዳለሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ እናቴ ከታላቅ ወንድሟ አጥር ለአጥር ሆና ለብቻዋ ትኖር ነበር።

ምንጫችን ከመንደሩ በላይ፣ ከቋጥኝ ሥር ይወጣል። ሕግ ነበረው። ከራሱ ላይ የሚቀዳው ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል። ከከብቱም በታች፣ ውኃው ወደ ሸለቆው ከመውረዱ በፊት፣ ሴቶቹ ልብስና የበግ ጠጉር ያጥባሉ። ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ የሚሆን ጠጉር ያጠበች ሴት ታውቀዋለች፤ ጮማው ይለቅና ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ሽታው እስከ ማግስቱ አይለቅም። ስለዚህ ያ ሥራ ቦታው ከሁሉ በታች ነበር። ማንም ሳይጽፈው ማንም የማይስተው ሕግ ነው።

ከምንጩ በላይ ያለውን ቁልቁለት ደግሞ ማንም አይነካውም። አይታረስም፣ ከብት አይሰማራበትም፣ ሰው ለሽንት እንኳ አይቀመጥበትም። ሣሩ የሚታጨደው ለቤተ ክርስቲያን ጉዝጓዝ ብቻ ነው። አያቶቻችን በግዝት አስረውታል። ለምን እንደሆነ ብትጠይቅ «ግዝት ነው» ከማለት በቀር የሚነግርህ የለም፤ ምክንያቱ ሕጉን ካወጡት ሰዎች ጋር ተቀብሯል። ሕጉን የሚያስጠብቀው ሰው የውኃ አባት ይባላል። በእኔ ዘመን የውኃ አባት አጎቴ ነበሩ። በጉን ወደ ቁልቁለቱ ያስገባ ሰው ሲገኝ አይሳደቡም፣ አይከሱም። የዚያን ሰው እናት ቤት ይሄዱና ደጃፏ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ግቡ ቢባሉ አይገቡም፣ ብሉ ቢባሉ አይበሉም። ሽማግሌ ደጇ ላይ ጾሙን የዋለባት እናት ልጇን ራሷ ጎትታ ታመጣለች። በዚህ መንገድ ምንጩ ለስንት ትውልድ ንጹሕ ሆኖ ኖረ።

ከዚያ መሬት የሚደለደልበት ጊዜ መጣ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ አዲሶቹ ሰዎች መሬቱን እንደገና ሲያካፍሉ። አጎቴ በደርግ ጊዜ ለጥቂት ዓመት የገበሬ ማኅበር ሹም ሆነው ነበርና «ቢሮክራት» ተባሉ። ቢሮክራት! በቅጡ ፊርማቸውን እንኳ የማይፈርሙ ሰውዬ። ከመሬታቸው ገሚሱ ተወሰደ። መሬቱስ ይሁን፤ ከመሬቱ ይልቅ ያንገበገበኝ አፋቸው መወሰዱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባ ላይ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሌላው እጁን ሲያወጣ እጃቸውን ያወጣሉ። የውኃ አባትነታቸውም በዚያው ተረሳ። ቢሮክራት የሆነ ሰው ደጃፌ ላይ ቢቀመጥ ምን ያመጣል ተባለ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ያልታረሰ መሬት ሁሉ ይከፋፈል አለ። የምንጩ ቁልቁለትም ዕጣ ወጣበት። ዕጣው የደረሳቸው ሰዎች ግን ግዝቱን ፈርተው አንድ በአንድ መለሱት። ማንም ደፍሮ ማረሻ አላገባበትም። በጎ ነገር ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ቀበሌው ዘንድ ቁልቁለቱ «ባለቤት የሌለው መሬት» ሆኖ ቀረ። ባለቤት የሌለው! አገር ሙሉ ሰው ለስንት ትውልድ የጠበቀውን መሬት፣ ማንም ስላላረሰው ብቻ የማንም አይደለም አሉት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በጎቹን እከክና ቅንቅን ፈጃቸው። ጠጉራቸው እየተነቀለ ቆዳቸው ብቻ ቀርቶ ታያቸዋለህ፤ ያሳዝኑ ነበር፣ አልክድም። አንድ ፕሮጀክት መጣና በጎቹ መድኃኒት ውስጥ የሚነከሩበት የሲሚንቶ ገንዳ ልሥራላችሁ አለ። የት ይሠራ? መሬት የሚሰጥ ጠፋ። ከደረሰው ቁራጭ መሬት ላይ ማን ይቆርሳል? ያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ ብድግ አለና «ከምንጩ በላይ ያለው ባለቤት የለውም፤ ከማንም ሳንነካ እንሠራዋለን። ለገንዳው የሚሞላው ውኃም ቅርብ ነው» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማንም አልተነካማ! ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ስትነግረኝም ደስ ብሏት ነበር፣ ሦስት በጎቿ ድነውላታልና።

አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ግዝቱስ?» አልኳቸው።

«ግዝቱ እኛን ነው የሚያስረን፤ መንግሥትን አያስረውም» አሉ።

«እርስዎ የውኃ አባት አይደሉም እንዴ? አፍ የለዎትም?»

«አፍማ ነበረኝ ልጄ። ወሰዱት።»

ተናደድኩባቸው። አሁንም ስለ እሳቸው ሳስብ ንዴትና ሐዘን እየተቀላቀለ ይመጣብኛል፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። እጃቸውን ከሌላው ጋር አውጥተው ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እያሉ ያሳደጉኝ ሰው፣ ውኃው ከሥሩ ሲበላሽ ቁጭ ብለው አዩ።

ገንዳው እንዲህ ነው የሚሠራው። ውኃ ይሞላና መድኃኒት ይጨመርበታል። በጎቹ በአንድ በኩል እየተገፉ ይገባሉ፣ ራሳቸው ሁሉ ጠልቆ እየዋኙ በሌላ በኩል ይወጣሉ፣ እየተንጠባጠቡ ይቆማሉ። የአካባቢው በግ ሁሉ ካለፈ በኋላ በውስጡ የሚቀረው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ጭቃ፣ በጠጥ፣ ሽንት፣ የጠጉር ጮማ ነው። ያን ጊዜ ከሥሩ ያለውን ውታፍ ይነቅሉታል። ወዴት ይሄዳል? ወደ ቁልቁለቱ ነዋ! ውኃ ወደ ላይ አይፈስም። ለዚህ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ግን ትምህርት ቤት የገቡ ሰዎች ናቸው የሠሩት።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ የካቲት መሐል ሜዳ ገበያ ውስጥ ድንች ስመርጥ ድንች ሻጯ «አንቺ የእነዚያ አገር ሰው አይደለሽም? ደስ ይበልሽ፣ ጠበል ፈልቆላችኋል» አለችኝ። ከዘመሮ እንኳ ሰው እየጎረፈ ነው አለች። የት ነው የፈለቀው አልኳት። «ከገደሉ ሥር፣ ከቋጥኙ» አለች። ድንቹን ትቼላት ሄድኩ።

ነገሩ የተጀመረው ከእከክ ነው። እከክ የወረሰው ሰው በምንጩ ቢታጠብ በሳምንቱ እከኩ ጠፋ። ልጆቿን ያጠበች እናት ቅማላቸው ረግፎ አገኘችው። ወሬው ተዛመተ። ለበግ እከክና ለበግ ቅንቅን የተሠራ መድኃኒት የሰውን እከክና የሰውን ቅማል ቢገድል ምኑ ይገርማል? ግን ማንም ሽቅብ አላየም። እከክ ካዳነ ሌላውንስ ለምን አያድንም ብለው ይጠጡት ጀመር። የጠጣው ሰው ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ እጅ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ይህ ደግሞ ጠበል ቦታ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ነው፤ ክፉው መንፈስ ሲለቅ ሰው እንዲህ ይሆናል። በመርዝ የሚሠቃየው ሰው የጠበሉ ምስክር ሆነ። ብዙ በተሠቃየ ቁጥር ብዙ ሰው አመነ። እኔ ጠበል የማላምን ሰው አይደለሁም፤ በልጅነቴ ተጠምቄ ድኛለሁ። ለዚህ ነው ይበልጥ ያበገነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረድኩ። ሁዳዴ ገብቷል። ከሩቅ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ገንዳው አጠገብ የቆሙ በጎች የሚሸቱት ያው ሹል የመድኃኒት ሽታ። አጠገቤ የምትሄድ ሴት አየር ስባ «ሽታው ራሱ ይፈውሳል» አለችኝ። ምንጩ ላይ ስደርስ ሕዝብ ነው። ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። በዚያ ብርድ ወንዶቹ ራቁታቸውን ሆነው ይጠመቃሉ። አንድ ጎልማሳ መሬት ላይ ወድቆ አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ወንድሙ ደረቱ ላይ ተንበርክኮ «ትለቃለህ አትለቅም?» እያለ ሰይጣኑን ይጠይቃል። ሰውየውማ እየለቀቀ ነበር፤ ነፍሱን።

እናቴን ከሰልፉ ራስ አገኘኋት። ለቁርጥማቷ ሱባኤ ይዛለች። ቀና ብላ ስታየኝ የዓይኗ ብሌን እንደ ጤፍ ቅንጣት ጠብቧል።

«እማ፣ ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ እንጂ! ሲያስመልሰኝ አደረ። እጄን እይው፣ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ። እየወጣልኝ ነው ልጄ።»

«እማ፣ ይህ የበግ መድኃኒት ነው። መርዝ ነው የምትጠጪው።»

ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ሳበችኝ። «ዝም በይ! እንዳትቀሰፊ። ሰው ይሰማሻል።»

ሰው ሰምቶኛል። «የአስተማሪ ነገር» አለ አንዱ። ሌላዋ «ከተማ ገብታ ሃይማኖቷን ለውጣ መጣች» አለች። የተጠመቅኩበት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ላይ ሆኖ ይታያል፤ እነዚህ ሰዎች ክርስትናዬ ላይ ጠላ ጠጥተዋል። ሽቅብ ወጣሁ። የገንዳው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል፣ በጨርቁ ሥር ይንጠባጠባል። ከዚያ እስከ ቋጥኙ ድረስ ሣሩ ተቃጥሎ እንደ መንገድ ጥቁር መስመር ይዟል። በመስመሩ ላይ የሞቱ እንቁራሪቶች ሆዳቸውን ገልብጠው ተኝተዋል። ሊያየው ለፈለገ ሰው ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነበር።

ሰኞ ክፍሌን ለሌላ አስተማሪ ሰጥቼ ገንዳውን የሚቆጣጠረውን የወረዳ ባለሙያ ፍለጋ ሄድኩ። ወንበር እንኳ አልሰጠኝም።

«መድኃኒቱ በጣም የቀጠነ ነው» አለኝ። «መሬቱ ራሱ ያጣራዋል።»

«ሰው እየጠጣው ነው እኮ!»

«ጠጡ ያላቸው ማን ነው? እኛ ለበግ ነው የሠራነው።»

«የምንጭ ውኃ ነው ጌታዬ! ሕዝቡ ሲጠጣው የኖረ ምንጭ!»

«የምንጭ ጉዳይ እኔን አይመለከትም፤ ውኃ ክፍል ሂጂ።»

ውኃ ክፍል ሄድኩ። ውኃ ክፍል ያለው ሰው «ጠበል ሆኗል ይባላል አይደል? ጠበል ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኛ እጃችንን አናስገባም» አለኝ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ዘንድ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

«አባቴ፣ ሕዝቡን ይከልክሉልኝ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው።»

«እኔ አልባረክሁትም» አሉ።

«እንግዲያው ጠበል አይደለም ይበሉዋ!»

«አላየሁም፤ ያላየሁትን ነው ማለትም አይደለም ማለትም ይከብደኛል። ሕዝቡን ማስከፋት ነው ልጄ።»

መሬቱ ባለቤት የለውም ብለው ሰጡት፤ አሁን ደግሞ መርዙ ባለቤት አጣ። ሁሉም እጁን ታጥቧል። የታጠቡበትን ውኃ ነው እናቴ የምትጠጣው። ሊቀ መንበሩ ዘንድ እንኳ ሄጄ ነበር፤ እሱ «ሰው ከየአገሩ እየመጣ ቀበሌያችን ታወቀ፣ አንቺ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ስመለስ መንገድ ላይ ለብቻዬ እየጮኽሁ ሄድኩ። ያየኝ ሰው እኔንም ወደ ጠበሉ ሳይወስደኝ የቀረው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ዱላ ይዛ ነበር የምትራመደው። ከምንጩ ላስቀራት አልቻልኩም፤ ብይዛት አለቀሰች፣ ብለምናት ጸለየችልኝ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት «ሱባኤዬ ሳያልቅ?» አለች። ተቆጣሁ፣ ጮኽሁ፣ ሳህን ወረወርኩ። ምንም።

የቸገረኝን መንገድ ያሳየኝ ብርዱ ነው። እናቴ ማታ ማታ ፊቷን የምትቀባውን ከምንጩ የተቀዳ ውኃ በነጭ የቆርቆሮ ሳህን አስቀምጣ አደረች። ጠዋት ስነሣ ሳህኑን አየሁት። በብርዱ ላዩ ረግቶ ስስ ነጭ ነገር ጋርዶታል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀለበት ሠርቷል። ጣቴን ነክሬ አሸሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰዎቹ ከምንጩ ላይ በጣሳ እየቀዱ እዚያው ስለሚጠጡት፣ የቀረውንም በጀሪካን ከድነው ስለሚይዙት ማንም ረግቶ አላየውም ነበር።

ሳህኑን ይዤ እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ይህን ንኪው።»

«ምንድነው?»

«ንኪው ብቻ።»

በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሃል አድርጋ አሸችው። እድሜዋን ሙሉ የበግ ጠጉር ያጠበች፣ የባዘተች፣ የፈተለች እጅ ናት። እየተንቀጠቀጠችም ታውቃለች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

«የጠጉር ጮማ ነው» አለች። «ማን ጠጉር ያጠበበት ነው?»

«ማንም አላጠበበትም። ከምንጩ ራስ፣ ራስሽ የቀዳሽው ነው። ከገንዳው ነው የሚመጣው እማ። የአገሩ በግ ሁሉ የታጠበበት ነው።»

«ጮማ…» አለች። «በሁዳዴ…» ሳህኑን ገፋችው።

እዩት እንግዲህ። መርዝ ነው ስላት አልሰማችም። ዓይኗ ሲጠብ፣ ጉልበቷ ሲከዳት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ አልሰማችም። የበግ ጮማ ጾሟን እንዳስገደፋት ስትሰማ ግን ሻሿን በአፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ልቤ ተቆረጠ፤ ግን አላቆምኩም። ያገኘሁት አንድ መንገድ ይህ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርገዋለሁ።

ሰንበት ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ሳህኑን በነጠላዬ ሸፍኜ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ቆምኩ። ንግግር አላደረግሁም። «እናቴ ከጠበሉ ቀድታ ያሳደረችው ነው፤ ንኩትና ምን እንደሆነ ንገሩኝ» አልኩ ብቻ። ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እያንዳንዷ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ለጎረቤቷ ታቀብላለች። መንዝ ውስጥ ያደገች ሴት የጠጉር ጮማ ምን እንደሆነ አትነገርም። ወዲያው አንዲት አሮጊት «በጾም! በዓቢይ ጾም!» ብለው ጮኹ። ግቢው ተናወጠ። ምራቁን የሚተፋው ተፋ፣ ደረቱን የሚደቃው ደቃ። ከሳምንት በፊት መናፍቅ ያለችኝ ሴት እጄን ይዛ «ምን ይሻለናል?» ትለኛለች። ብናገር ስለምሳደብ እጄን አስለቅቄ ሳህኑን ፈለግሁ።

ቄሱ መጡ። እሳቸውም ነኩት። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና «ይህ ጠበል አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ የጠጣው ውጉዝ ይሁን» አሉ። አሁን ግዝት ተገኘ! አፉ አረፋ ደፍቆ የወደቀ ሰው ያላስገኘውን ግዝት አንድ ጣት ጮማ አስገኘው። የምስጋና ቃል ከአፌ አልወጣም።

ሴቶቹ ከግቢው በቀጥታ ሽቅብ ወጡ። ሳልደርስባቸው ገንዳውን በድንጋይ ይሞሉት ጀምረዋል። ሊቀ መንበሩ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ፀረ ልማት፣ አደናቃፊ፣ ያላለን ነገር የለም። ድንጋዩ በዚያው ቀን ይውጣ፣ በሳምንቱ በጎቹ ይነከራሉ አለ። ሴቶቹም ታጣቂ ሲያዩ ተበተኑ። አለቀ አልኩ።

በማግስቱ አጎቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ሴቶቹ በታጣቂ ሲበተኑ ቆመው አይተው ነበር። ተከተልኳቸው። የሊቀ መንበሩ እናት ቤት ደጃፍ ላይ ሄደው ቁጭ አሉ። ስንት ዓመት ያልሠሩትን ሥራ ነው። ሴትየዋ ወጥተው «ይግቡ» አሏቸው፤ አልገቡም። ዝም። ከቀትር በኋላ ሌላ ሽማግሌ መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ፣ ከዚያ ሌላ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ወደ ማምሻው ላይ እናትየው እያለቀሱ ወጡና ልጃቸውን ከስብሰባ አስጠርተው አመጡት። በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት «ጡቴን ያጠባሁህ ሽማግሌ ደጄ ላይ ጾሙን እንዲያድር ነው?» አሉት። መንግሥትን ግዝት አያስረውም ያሉት አጎቴ፣ መንግሥትም እናት እንዳለው ረስተውት ነበር።

ገንዳው ተነሣ። ከሁሉ በታች፣ ጠጉር ከሚታጠብበትም ዝቅ ብሎ፣ እጣቢው የሚገባበት ጉድጓድ ተቆፍሮለት ተሠራ። መሬቱን የሰጠው ሊቀ መንበሩ ራሱ ነው፤ እናቱ አስገደዱት። ሰው መሬት መስጠት ይችል ነበር ማለት ነው፣ ከመጀመሪያውም።

ምንጩን ማከም ግን እንደማበላሸቱ ቀላል አልነበረም። መስመር ይዞ የተቃጠለውን አፈር እስከ ጉልበት ጥልቀት ቆፍረን፣ በአህያ ጭነን፣ ውኃ ወደሌለበት ሜዳ ወስደን ከኖራ ጋር ቀበርነው። ኖራው መድኃኒቱን ይሰብረዋል ብሎ የመከረን ሌላ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ እሱ እንኳ መጥቶ ቁልቁለቱን አየ። ክረምቱን ሙሉ ምንጩ ሳይቀዳ ዝም ብሎ ሲፈስ ከረመ፣ እንዲያጥበው። ሴቶቹ እስከዚያ ከሸለቆው ወንዝ በጀርባቸው ሲያመላልሱና ሲያፈሉ ከረሙ። አዎ፣ ሴቶቹ። ባበላሹት ሰዎች ጀርባ ላይ አንድ ጀሪካን አላየሁም። መስከረም ሲጠባ ናሙና ተወሰደ፣ ጥሩ ነው ተባለ። ምንጩ በድንጋይና በሲሚንቶ ተከደነ፣ ቧንቧ ወጣለት፣ ቁልቁለቱም ታጠረ።

ከዚያ ምረቃ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ንግግር አደረገ። ያ ወንበር የነፈገኝ ባለሙያም መጥቷል፣ ያ የውኃ ክፍሉም ሰው፣ ቄሱም። «ንጹሕ ውኃ ለሕዝባችን» አሉ። ስለ ገንዳው ቃል አልተነሣም፣ ምንጩን ዝናም ያበላሸው ይመስል። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። አጨብጭቡ ሲባል ሰው አጨበጨበ። እኔ እናቴን ፈለግሁ፤ በሰዉ መሃል የለችም።

ያገኘኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። የንስሐ አባቷ «ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ትንሽ ስግደት ነበር የሰጧት፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ስግደቷን አላቋረጠችም። ሰውነቷ አልተመለሰላትም። እጇ እንዝርት መያዝ ካቆመ ቆይቷል። ስትሰግድ እጆቿ ሊደግፏት ስለማይችሉ በግንባሯ ትወድቃለች፣ ግድግዳውን ይዛ ትነሣለች፣ ደግሞ ትወድቃለች። ግንባሯ ተልጧል።

ያዝኳት። «እማ፣ በቃሽ! አንቺ ምን በደልሽ? ያጠጡሽ እነሱ ናቸው!»

«የጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች፣ እጄን ከትከሻዋ ላይ እያነሣች።

ከማዶ፣ ከምንጩ በኩል፣ ጭብጨባው እንደገና ተሰማ። ያንን ውኃ የመረዙት ሁሉ እዚያ ቆመዋል። ንስሐ የገባችው እናቴ ብቻ ናት።